ነጥቡ ላይ ስምዎን ይጻፉ

«ሬሳ ከሌለ ድንኳን አይወጣም። ሬሳ ባይኖር እንኳ ማኅተም ያለው ወረቀት መኖር አለበት» አሉ አቶ ቀጀላ፣ እናቴ ከጀርባቸው በርጩማ ላይ መቀመጧን ሳያዩ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የተሻሻለውን መተዳደሪያ ደንብ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ ሱቄ መጥተው፣ አንዱን ገጽ በሃምሳ ሳንቲም ሳይሆን በአርባ ሥሪልን እያሉ ሲከራከሩኝ ቆዩና አብሯቸው ለመጣው ሰው አዲሱን አንቀጽ ያስረዱ ነበር። አንቀጹ የተጨመረው ባለፈው ዓመት አንድ አባል አጎቴ ሱዳን ሞተ ብሎ ድንኳን አስተክሎ፣ ሰፈሩ ንፍሮ እየቆረጠመ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ አጎትየው በአውቶቡስ ስለመጣ ነው። «ያውም ወፍሮ!» አሉና ሁለቱም ሳቁ። እየሳቁ ዞር ሲሉ እናቴን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደምን አደሩ የሃኒ እናት» ብለው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚከተል ጠፋባቸው። እናቴም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ የስልኳ ቻርጀር በደንብ መሰካቱን እንደገና አየች።

ከአንድ ዓመት በላይ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነበር ሰላም የሚለን። ታናሽ እህቴ ሃኒ ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ሄዳ፣ ሳታቋርጥ እሑድ እሑድ በእናቴ ስልክ ትደውል ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደወሏ ቆመ። በዚያው ክረምት እዚያው ግቢ ትሠራ የነበረች ታደለች የምትባል ልጅ ስትመለስ የሃኒን ልብሶች በፌስታል ይዛልን መጣች። ሳል ይዟት ነበር አለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት አሠሪዎቿ ከእኔ ጋር በመኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ የሐኪም ቤቱ ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ተቀበሏት፣ ከዚያ ወዲያ ልብሷን ሰጡኝና በሩን ዘጉት፤ በቃ። ሞተች ያለን የለም፣ ዳነች ያለን የለም። የላካት ኤጀንሲ ቤቱን ለቅቆ ቦታው ላይ ጫማ መሸጫ ተከፍቷል። የሄድንበት ቢሮ ሁሉ «ስሟ የለም» ይለናል፤ የለም የሚሉት ከሞቱት መሐል ይሁን ከታመሙት መሐል ግን አይነግሩንም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው በር ያንኳኳሉ። እናቴ ስለዚህ ከወፍ በፊት ትነቃና በሩን ታዳምጣለች። ማንም አያንኳኳም። ሲነጋ ስልኳን ይዛ ሱቄ ትመጣለች፤ ቤታችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ የሱቁ መሥመር ይሻላል ትላለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ አልለበሰችም። ግን ያን ዓመት ሙሉ የምትለብሰው ጥለት የሌለው ነጠላ ነበር፤ ቢያዘቀዝቁትም ባያዘቀዝቁትም አይታወቅም።

ሱቄ ኮተቤ፣ ኮሌጁ በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች አንዷ ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ በእጅ የሚሠራ መጠረዣ አለኝ። በሩ ላይ ያለፈው ወር ምርጫ የንብ ፖስተር ተለጥፎ ቀርቷል፤ የለጠፉት ልጆች መጥተው እስኪያነሡት እጠብቃለሁ፣ ራሴ ላነሣው ደግሞ እጄ አይሄድም። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ያወቅሁት የሰው ጽሑፍ ስተይብ ነው፤ ስለ ባቄላ በሽታ፣ ስለ ግዕዝ ዜማ፣ ስለ ባንክ ወለድ፣ የሁሉንም ትንሽ ትንሽ። ሱቁን ያቆመው ግን የተመራቂ ጽሑፍ ሳይሆን ቅጽ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ ዋስትና፣ ውክልና፣ የሥራ ማመልከቻ፤ ሁሉም ላይ የነጥብ መሥመር አለ። እናቴ የእንግሊዝኛ ፊደል አታውቅም፤ አማርኛውንም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እንደተማረችው ያህል ነው። ቢሆንም ደንበኛ እስክርቢቶ ይዞ ሲደናገር ካየች ከበርጩማዋ ዘንበል ብላ በጣቷ ታሳየዋለች። «ነጥቡ ላይ ስምዎን ይጻፉ» ትለዋለች። ከእኔ የሰማችው ነው።

አቶ ቀጀላ ቅጂያቸውን እየቆጠሩ ሳለ ፌበን እየሮጠች ገባች። ወሰን አካባቢ ጋራዥ ያለው የኤጀታ ልጅ ናት፤ አራት ኪሎ ማስተርሷን ትማር ነበር። ላፕቶፗ ሥራውን አልችል ብሎ በእኔ ኮምፒውተር አንድ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ስታሠራ መብራት እየጠፋባት ሁለት ጊዜ ስላለቀሰች ከደንበኝነት አልፈን ነበር። «እትዬ ዘርትሁን፣ በናትሽ ዛሬ ጠርዢልኝ! ነገ ጠዋት ሰብሚት ካላደረግሁ አድቫይዘሬ ይገድለኛል» አለችና ፍላሹን አቀበለችኝ። አቶ ቀጀላ ጉዳዩ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ሰው ላይ የሚገኙ ኮሮና የሚባሉ ቫይረሶችን እንደምታመሳክር ነገረቻቸው።

«ኮሮና?» አሉ አቶ ቀጀላ። «ኮሮና እኮ አባትሽ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱ በድንጋይ ቆመዋል።»

«እሱ መኪናው ነው፣ ጋሼ!»

«እኔም እኮ መኪናውን ነው የማውቀው። እሱስ መች ተነሥቶ ሄደና ነው በሽታው የሚሄደው?» አሉና ደንባቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ፌበን እየሳቀች እኔ ገጾቹን ሳትም ታስረዳኝ ጀመር፤ ነገ ለፈታኞቿ የምትናገረውን በእኔ ላይ የምትለማመድ ይመስለኛል። እነዚህ ቫይረሶች ሰው ላይ እስካሁን የታወቁት ስድስት ናቸው አለች። አራቱ ተራ ጉንፋን ናቸው፣ ሁላችንንም ይዘውን ያውቃሉ። አንዱ ቻይና ተነሥቶ ብዙ ሰው የፈጀው ነው። ስድስተኛው ከግመል ወደ ሰው የሚሻገረው የዓረብ አገሩ ነው። እሷ አንዱንም ነክታም አይታም አታውቅም። የውጭ ሐኪሞች ከበሽተኛ ወስደው ያነበቡትን የቫይረሱን ፊደል፣ ወደ ሠላሳ ሺህ ገደማ የሚሆን ፊደል፣ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ይለቁታል፤ እሷ ታወርደዋለች፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ከአንዱ በላይ ደርድሮ የት እንደሚመሳሰሉና የት እንደሚለያዩ ያወጣላታል፤ ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ የትውልድ ሐረግ ትስልላቸዋለች። «እንደ ቤተ ዘመድ በያቸው» አለች።

ስለ ዓረብ አገሩ ቫይረስ ያለው አባሪ ላይ ስደርስ ማተሚያውን አቆምኩት፤ ተበላሽቶ የሚያትም መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው መሥመር ሙሉ ፊደል ነው፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ፣ እየተመላለሱ። ከሥሩ ያሉት መሥመሮች ግን ከዳር እስከ ዳር ነጥብ ብቻ ናቸው፤ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ጣል ብላባቸዋለች። ልክ እንደ እኔ ቅጾች። ፌበን ሳቀች። ነጥብ ማለት ከላይኛው ጋር አንድ ነው ማለት ነው፣ ፊደል የሚጻፈው ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው አለችኝ፤ ማተሚያውን መልሼ አስነሣሁት። የላይኛው መሥመር የማን እንደሆነ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ከተመዘገበው በሽተኛ የተወሰደ ነው፣ ሰውየው ሞቷል አለች። በየመሥመሩ ግራ ጫፍ ላይ አጭር አጭር መለያ አለ፤ ከተማ፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ወር። እኔ የታተመን ነገር መሥመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ የማረጋገጥ ልማድ አለብኝ። «ሪያድ፣ ወንድ፣ ሃምሳ ስድስት» አልኩ። «ጅዳ፣ ሴት፣ ሃያ ሰባት፣ ኤፕሪል 2014።» ኤፕሪል 2014ን ወደ እኛ ስመልሰው ሚያዝያ 2006 ሆነ። ሃኒ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። በርጩማው ተንቀጫቀጨ። ዞር ሳልል እናቴ ቀና ማለቷን አወቅሁ።

«ይቺ ማን ናት?» አልኳት ፌበንን።

«ስም አይጻፍም እኮ እትዬ። የበሽተኛ ስም ሚስጥር ነው፤ እኔም ማወቅ አልችልም። ደግሞ ፊደሉ የቫይረሱ ነው፣ የሷ አይደለም። ከሷ የተወሰደ ነው እንጂ…» ስትል ፊቴን አየች። በር ላይ አውጥቼ በሹክሹክታ የሃኒን ነገር ነገርኳት። እህት እንዳለችኝ ታውቃለች፣ ይህን ያህሉን ግን አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጅዳ ትልቅ ከተማ ናት፣ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ሞልቷል አለችኝ፤ አለችና ወዲያው ደግሞ፣ ፊደሉን ያወጡት ሐኪሞች ስለ በሽተኞቹ የጻፉት ነገር ይኖራል፣ ካምፓስ ሄጄ በዋይፋይ ልፈልግልሽ፣ እደውልልሻለሁ አለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ታክሲ ስትይዝ መብራት ጠፋ። ጎረቤቶቼ እንደ ወትሮው ባንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ። ማተሙ አልቆ ስለነበር መጠረዙ በእጅ ይሆናል ብዬ የፕላስቲክ ሽፋን ልገዛ እታች ወዳለው ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወረድኩ። እናቴን ምንም አላልኳት። ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ ሳስተካክል ዓይኗ እጄን ይከተል ነበር፤ ምን እንደማስብ እንዳታውቅ ብዬ ሳላያት ወጣሁ።

ስመለስ በርጩማው ባዶ ነው። ቻርጀሩ አለ፣ ስልኩ የለም። ገጾቹን ብቆጥር ከአንዱ ቅጂ ያቺ ገጽ ጎድላለች። ጎን ያለችው የጁስ ቤት ልጅ ብርጭቆ እያጠበች፣ «እማማ ወደ መገናኛ ሄዱ» አለችኝ። «ወረቀቱ ተገኘ፣ ማኅተም ላስመታ ኪዳነ ምሕረት ልውጣ ነው አሉኝ። እስክርቢቶም እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ምን ሆነው ነው፣ ደስ ብሏቸው ነው ወይስ ተከፍተው? አልገባኝም።» እኔም አልገባኝም። ሱቁን እንድታይልኝ ነግሬያት ታክሲ ተሳፈርኩ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እናቴ የተወለደችበት ደብር ነው፤ ኮተቤ ስንት ዘመን ኖረንም የነፍስ አባታችን እዚያው ናቸው። መገናኛ ላይ ለባቡሩ በተቆፈረው መንገድ ዙሪያ መኪናው ሁሉ ተጠላልፎ ቆሞ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቲማቲም ኪሎው ስንት እንደገባ ለማታውቃት ሌላ ሴት ታስረዳለች። እኔ እግሬ ሥር ያለውን የታክሲውን ወለል እያየሁ ያቺን መሥመር በሐሳቤ አነባለሁ። እሷ ከሆነች፣ ለእህቴ ከዚህ ዓለም የቀራት የሕመሟ ፊደል ነው፤ እሱም በነጥብ የተጻፈ። እሷ ካልሆነች ደግሞ እናቴ የማን ልጅ ወረቀት ይዛ ነው ዳገት የምትወጣው?

ፈረንሳይ ሰፈር ከታክሲው ወርጄ ዳገቱን በእግር ጀመርኩ። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል፣ ባሕር ዛፉ ጉም ይዞታል። ግማሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ፌበን ናት፤ እየሮጠች የምታወራ ይመስላል። «እትዬ! አገኘሁት! ሐኪሞቹ የጻፉትን አገኘሁት። ሴትየዋ ድናለች! ሃያ ሰባት ዓመት፣ ጅዳ፣ ከሆስፒታል በሰላም ወጣች ይላል።»

«አገሯስ?»

«አይልም።»

«ሥራዋስ? ማን አመጣት ይላል?»

«አይልም እትዬ። ድናለች ነው የሚለው፣ ሌላ ምንም የለውም።» ቀጥላም፣ «ደስ አላለሽም እንዴ?» አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁት። አንድ ግንድ ተደግፌ ቆምኩ። ደስ ብሎኝ እንደሆነ ለማወቅ ደረቴን ዳበስኩት። ድናለች ከሆነና ሃኒ ከሆነች፣ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆናት፤ የት ናት? እስር ቤት? ሌላ ቤት ሸጧት? ስልኩ ጠፍቶባት? ቂም ይዛብን? ሃኒ ካልሆነች ደግሞ፣ ጠዋት ያላወቅነውን አሁንም አላወቅንም፤ ልዩነቱ አሁን የማናውቀው በሁለት መንገድ መሆኑ ነው። ሞታለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሞታለች ብዬ ሳላስብ የቀረሁበት ቀን ደግሞ አልነበረም። ይህን ለሰው ማስረዳት አልችልም።

እናቴን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አገኘኋት። ቄስ ዓምደ ሚካኤል ከጎኗ ተቀምጠው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያያሉ። አንዴ አዙረውት ጀርባውንም አዩት። መስቀል ተሳለምኩ። «ነይ ልጄ፣ በሰዓቱ ደረስሽ» አሉኝ። «እናትሽ ማኅተም ምቱልኝ ትላለች። ማኅተሙ የደብሩ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው፣ እሱስ ይገኛል። በምኑ ላይ እንደሚመታ ነው የጠፋኝ።» ወረቀቱን ሰጡኝ። ጅዳ፣ ሴት፣ ሃያ ሰባት ከሚለው ቀጥሎ፣ ነጥቦቹ ላይ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ሃኒ እንድርያስ ወለተ ኪዳን» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ስትጽፍ መሥመሩ ሁልጊዜ ወደ ታች ይዘቀዝቅባታል፤ ይህኛው ግን ነጥቦቹን እየተከተለ ስለተጻፈ ቀጥ ብሏል። ያን ያህል ያማረ የእናቴን ጽሕፈት አይቼ አላውቅም።

«ስሟን ስላላወቁት ቦታውን ትተውላታል» አለች እናቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቄሱ። «ሞልቼዋለሁ። አሁን ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ቀጀላ ወረቀት ካለ ድንኳኑ ይወጣል ብሏል።»

ቄሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። ከዚያ፣ «ማኅተሙ ይቅር» አሉ። «ፍትሐት ማኅተም አይጠይቅም፣ ሬሳም አይጠይቅም። ስሟን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ ያጠመቅኋት፤ ስታለቅስ ገበቴው ውስጥ ያለውን ውኃ ሁሉ ነው የደፋችው። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። የሞተ ፍትሐት ይደረግለታል፣ ያልሞተ ይጸለይለታል፤ እኔ የማነሣውን ማወቅ አለብኝ። እናትሽ ወረቀቱ ይናገራል አለችኝ። አንቺ ታነቢዋለሽ። ዘርትሁን፣ እህትሽ ሞታለች?»

እናቴ አላየችኝም። ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇን ነበር የምታየው። ሞታለች ብል እንደሚያበቃ አውቄያለሁ፤ ዛሬውኑ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይመጣል፣ እናቴ በጎህ መንቃቷን ትተዋለች። አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ መጥታ ነበር። «አባ፣ ወረቀቱ እንደዚያ አይልም» አልኳቸው። ምን ይላል አሉኝ። ፌበን እንዳስረዳችኝ አስረዳኋቸው፤ ይህ የበሽታው ፊደል ነው፣ የሰው አይደለም። ነጥብ ማለት ከላይኛው ጋር አንድ ማለት ነው። የላይኛው የሰውየው ነው፣ ሞቷል። ይቺኛዋ ደግሞ… ይቺኛዋ ድናለች፤ አሁን መንገድ ላይ ተደውሎ ተነገረኝ።

ቄሱ ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉኝ። «የሞተው ላይኛው፣ የዳነችው ታችኛዋ?»

«አዎ አባ።»

«በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቱ ነው?»

ፈለግሁላቸው። በዚያ ገጽ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነበር፤ ሁለቱን በጣቴ አሳየኋቸው፣ ሦስተኛዋ «ኪዳን» በሚለው ሥር ተሸፍናለች። «በቃ?» አሉኝ። በዚህ ገጽ በቃ አልኳቸው። እሷን ያዳነ፣ እሱን የገደለ ይህ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፤ ወይም አይታወቅም፤ ይህን የሠራችውም ልጅ አታውቅም፤ የምታውቀው የት እንደሚለያዩ ብቻ ነው አልኳቸው። «እሷም አታውቅም» አሉ ቄሱ፣ የከበዳቸው ነገር ትንሽ እንደቀለላቸው ሁሉ፣ ወረቀቱንም ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ድናለች አልሽ?» አለች እናቴ።

«ሴትየዋ ድናለች፣ እማዬ።»

እልል ትላለች ብዬ ፈራሁ። እናቴ ግን ከመቀነቷ ሥር ያቺን ትንሽ ኖኪያ አውጥታ መብራቷን አበራችና አየቻት። «ይህ ስልክ አንድ ቀን ተዘግቶ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት። «ቁጥሩን ቀይሬያለሁ?» አልቀየርሽም አልኳት። «ሃኒ ቁጥሩን በቃሏ አታውቀውም?» ታውቀዋለች። ሌሊት ብትቀሰቅሻት ትናገረዋለች። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ይቺ የእኔ ልጅ አይደለችም። የእኔ ልጅ ብትድን ኖሮ ትደውል ነበር። የእኔ ልጅ ሞታለች» አለች። ጎህ አልነበረም፣ የተሰበሰበ ሽማግሌም አልነበረም። መርዶውን እሷው ነገረችን።

ቄሱ ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም። የእናቴ ሒሳብ በአንድ በኩል ስይዘው ጽኑ ነው፣ በሌላ በኩል ስይዘው ይፈርሳል፤ ሰው ስልክ የማይደውልበት ስንት ምክንያት አለ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን እናቴ ወረቀቱን ከቄሱ እጅ ነጥቃ፣ «ውይ በሞትኩት! በሕይወት ባለች ልጅ ላይ የሟች ስም ጽፌባታለሁ!» እያለች ጣቷን በምራቋ እያረጠበች የጻፈችውን ትፈትገው ጀመረች። ሰማያዊው ቀለም ነጥቦቹ ላይ ተለቀለቀ። «አባ፣ እናት አላት እኮ! ይጸልዩላት። እንዳይደርስባት ይጸልዩላት።» ቄሱ ስሟ ማን ነው አሏት። «ስም የላትም። ጅዳ፣ ሴት፣ ሃያ ሰባት ነው የምትባለው» አለች። ቄስ ዓምደ ሚካኤል መስቀላቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጅዳ፣ ሴት፣ ሃያ ሰባትን በጤና ጠብቃት» ሲሉ በግልጽ ሰማኋቸው፤ አንድም ነገር ሳይጎድልባቸው፣ እንደ ክርስትና ስም። ለወለተ ኪዳን ደግሞ ነገ ጠዋት ፍትሐት ይሆናል አሉን። እናቴ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። የዘረጋችው ለነጠላዬ ነው። የእኔ ጥለት ያለው ነበር። አውልቄ ሰጠኋትና የሷን ለበስኩ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ከዚያ ወገቧን ይዛ «ሃኒዬ!» አለች፤ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ። ቅጠል ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ሸክማቸውን አውርደው አብረዋት አለቀሱ።

ኮተቤ ስንደርስ መሽቶ ነበር፣ መብራትም አልመጣም። እናቴ ከታክሲው ወርዳ እያለቀሰች ወደ ቤት ስትገባ ጎረቤት በየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ሰው በጨለማ መምጣት ጀመረ። በመጨረሻ «እግዜር ያጽናሽ» ማለት ስለቻሉ ይሁን፣ ድምፃቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ዕረፍት ነበር። አቶ ቀጀላ ባትሪ ይዘው መጡና አጥሩ ጥግ ቆሙ። በሌላ እጃቸው ጠዋት ያባዛሁላቸውን ደንብ ይዘዋል። ጠሩኝ። «ወረቀት ተገኘ?» አሉኝ። አልተገኘም አልኳቸው። ባትሪውን ደንቡ ላይ አብርተው አንቀጹን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት፤ እንደገናም አነበቡት። «የሚለው ድንኳን ነው» አሉ። «ስለ ወንበር የሚል ነገር የለም።» ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በሰው ትከሻ እየመጡ ግቢያችን ውስጥ ተደረደሩ። አንዱ ተሸካሚ፣ ዝናብ ቢመጣስ ብሎ ጠየቃቸው። «ሸራ እንወጥራለን» አሉ አቶ ቀጀላ ተቆጥተው። «ሸራ ድንኳን ነው እንዴ?»

ፌበንም መጣች። የመጣችው ስለዳነችው ሴትዮ ሌላ ነገር ልትነግረኝ ይሁን ጥራዟን ልትጠይቅ አላወቅሁም፤ ወንበሩንና ሰውን ስታይ ግራ ተጋብታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ድናለች እኮ አልኩሽ፣ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። አዎ፣ ለዚያ ነው የምናለቅሰው አልኳት። እንዳልገባት አየሁ፤ ከዚያ በላይ ላስረዳት ግን እኔም አልቻልኩም። ቀለሙ የተለቀለቀበትን ገጽ ከደረቴ አውጥቼ ሰጠኋትና ሌላ እንደማትምላት ነገርኳት። በስልኳ መብራት ረጅም ጊዜ አየችው፤ አጣጥፋ መለሰችልኝ። የማን እንደሆነ አላወቅንም፤ የእናቴ ይሁን፣ የሷ ይሁን፣ የዚያች የሌላዋ። እጄ ላይ ቀረ። እናቴ መሐል ላይ፣ ታዛው ሥር፣ ፊቷን በነጠላዬ ሸፍና ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳ አሁን ትወዛወዛለች።

መብራት መጣ። ሐዘን መሆኑን የረሱ የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ውጭ «መጣ!» ብለው ጮኹ፤ ትልልቆቹ ዓይናቸውን እያሹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማን እንደመጣና ማን እንዳልመጣ አሁን ታየ። እናቴ ነጠላውን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። አምፖሉን አየች፣ ከዚያ በሰው መሐል እኔን ፈለገች። እጇ መቀነቷ ሥር ገብቶ ወጣ።

«ዘርትሁን» አለች፣ በተዘጋ ድምፅዋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ። «ስልኬን ሰኪልኝ።»

ተቀብዬ ገባሁና ሰካሁላት።